የጓሳ ዝይና የቄሮ ሕግ

ዝይ በተፈጥሮዋ ሰላማዊ ወፍ ናት፤ ሣር ትግጣለች፥ ከውሃ ዳር ትውላለች፥ ሰው ሲቀርባት ፈቀቅ ትላለች። ነገር ግን ዕንቍላል በጣለችበት ወራት ጠባይዋ ፈጽሞ ይለወጣል። እንስቲቱ ስትታቀፍ ወንዱ ከጎጆው ጥቂት ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ለራሱም ድንበር ይከልላል። ያን ድንበር ከእርሱ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሆኖም አልፎ የገባውን ሁሉ፥ ወፍም ቢሆን ውሻም ቢሆን ሰውም ቢሆን፥ አንገቱን ዘርግቶ ክንፉን ገልጦ እየጮኸ ይጋፈጠዋል። የሚያሸንፈው ኃይሉ አይደለም፤ ድፍረቱ ነው። ሰው ዕለት ዕለት በሚሠራበት ስፍራ እንዲህ ያለ ባላጋራ ቢነሣበት ምን ያደርጋል? ነገሩ ሲሰሙት ያስቃል። ነገር ግን በሌላው ዓለም ይህ ጕዳይ ብዙ ገንዘብና ብዙ ብልሃት አስወጥቷል። በእኛም አገር በመንዝ ደጋ ላይ፥ ማንም ጥያቄውን ሳይጠይቅ መልሱን የሰጠ አንድ የቆየ ሥርዓት ነበረ። የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ እርሱ ነው።

አስቀድመን ግን ወፊቱን እንወቃት። ኢትዮጵያ የራሷ የሆነች፥ ከደጋዋ ውጭ በዱር በየትም የማትገኝ ዝይ አላት። መልኳ ግራጫ ሆኖ ወደ ቡኒ ያደላል፤ ቆማ ሲያዩዋት ተራ ትመስላለች። ክንፏን ስትዘረጋ ግን ከትከሻዋ በኩል ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀለም ብቅ ይላል፤ ስለዚህ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይሏታል። ላባዋ ለውርጭ የተሰጠ ጥቅጥቅ ያለ ልብስ ነው። ቆማም ስትሄድም አንገቷን ወደ ኋላ ሰብስባ በጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች፤ ብርድ የያዘው ሽማግሌ በጋቢው ውስጥ አንገቱን እንደሚቀብር ያለ ነው። የውሃ ወፍ ብትባልም ዋና አትወድም፤ መብረርም አታበዛም። በረግረግና በምንጭ ዳር በእግሯ እየሄደች ሣር ስትግጥ ትውላለች፥ በሌሊትም ትሰማራለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለው አገር ዋና መኖሪያዋ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይም ትገኛለች። ስለዚህ መርሐ ቤቴ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት ቈላ ሳይሆን፥ በመንዝና በግሼ ራስ ላይ ነው የምትፈለገው። የፍጥረት መርማሪዎች ለብቻዋ አንድ ወገን አድርገው ይቈጥሯታል፤ በቅርብ ዘመን በዘር ምርመራ እንደ ተረዳውም የቅርብ ዘመዷ ሆና የተገኘችው በመካከለኛው አፍሪካ ጫካ ውስጥ የምትኖር አንዲት ዳክዬ ናት። የደጋውን ውርጭና የጫካውን ወበቅ የሚያስተያይ ሰው ይህን ዝምድና በመልክ አይቶ ሊደርስበት ባልቻለም ነበር።

በዓለም የፍጥረት መዝገብ ስሟ የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. ነው፤ ያስገባውም በ1830ዎቹ መጀመሪያ በስሜንና በጎንደር የተዘዋወረው የፍራንክፈርቱ ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። አገሯ ተብሎ በመዝገቡ የተጻፈው ሸዋ ነው። ያን ጊዜ በሸዋ የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። እንግዲህ ይህች ወፍ ወደ ዓለም መዝገብ የገባችው በሸዋ ስም ነው ማለት ነው፤ የሸዋ ሰው ግን ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቶ አያውቅም።

በአማርኛ ይብራ የሚለው ስም ለዝይና ለዳክዬ ወገን ይነገራል። በአማርኛው ኦሪት ዘሌዋውያን 11ኛ ምዕራፍ፥ ከማይበሉት አዕዋፍ ተራ ይብራ ተቈጥራለች። የአገራችን ክርስቲያን ዝይንም ዳክዬንም ለምግብ የማይነካው ስለዚህ ነው። በሌላ አገር ዝይ የምትሳደድበት ዋናው ምክንያት ሥጋዋ ሲሆን፥ በመንዝ ገበሬ ዘንድ ይህ ምክንያት የለም። ኦሪት ዘዳግምም በ22ኛው ምዕራፍ በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋራ አብሮ እንዳይወስድ ያዝዛል። የአገራችን ዝይ እንግዲህ በሁለት በኩል የመጽሐፍ ከለላ አላት፤ ነገር ግን አለመበላት ብቻውን ከመረገጥ አያድንም። ጎጆዋ በምድር ላይ ነው፤ በረጅም ሣር ውስጥ ተሰውሮ ይሠራል። ከ4 እስከ 7 ዕንቍላል ትጥላለች፥ ለመታቀፍም አንድ ወር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅባታል። የበሬ ኮቴና የማጭድ ስለት ስለ መብልና ስለ አለመብል አይጠይቁም።

ወንዱ ሲኮራ ራሱን ወደ ጀርባው ጥሎ መንቍሩን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ ክንፉንም ከፈት አድርጎ ሰማያዊውን እያሳየ በሚስቱ ዙሪያ ይንጐራደዳል። ድምፁም እንደ ፉጨት ያለ ነው። በውጭ አገር በአጥር ውስጥ የሚያረቧት ሰዎች እንደ ጻፉት በመራቢያዋ ወራት ከሌሎች አዕዋፍ ጋራ አንድ ላይ ማኖር ጭንቅ ነው፤ ጥንዶቹን ለብቻ ካልከለሏቸው ጎረቤቶቻቸውን ያቆስላሉ። መጠንዋ ከትልቅ ዶሮ እምብዛም የማይበልጥ ወፍ ለእነዚያ ጠባቂዎች የሥራ ቤት ችግር ሆናባቸዋለች።

የዝይ ቍጣ ለሰው የጠቀመበት ጊዜም አለ። የሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ዓመት ግድም ጋሎች ሮማን ይዘው ሌሊት ወደ ካፒቶል አምባ ሲወጡ፥ ውሾቹ ዝም ሲሉ ዩኖ ለምትባለው ጣዖት የተለዩት ዝዮች ጮኸው ማርቆስ ማንልዮስን ቀሰቀሱት፤ አምባውም ዳነ። በባርሴሎና ካቴድራል አደባባይ ውስጥ በ13 ዓመቷ ሰማዕትነት ለተቀበለችው ለቅድስት ኤውላልያ መታሰቢያ 13 ነጫጭ ዝዮች ይኖራሉ። በስኮትላንድ በደምባርተን ከተማ አጠገብ ደግሞ አንድ የውስኪ ኩባንያ ከ1959 እስከ 2012 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የመጋዘኑን ግቢ በዝይ ያስጠብቅ ነበር፤ በኋላ የማይተኛና የማይናከስ የፎቶግራፍ መሣሪያ ተክቶ ጡረታ አወጣቸው። እነዚህ ሁሉ ግን ሰው ዝይን ወደ ሥራው የጠራባቸው ናቸው። ችግሩ ያለ ጥሪ ስትመጣ ነው።

ለዚህ የካናዳ ዝይ ታሪክ ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና ስለ ካናዳ የእንግሊዝ መንግሥት ከአገር አገር የሚፈልሱትን አዕዋፍ ለመጠበቅ ውል ተዋዋሉ፤ በ1918 ዓ.ም. ውሉ በአሜሪካ ሕግ ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ዝይ በአዳኝ ብዛት እየተመናመነች ነበር፤ ከወገኗ ሁሉ በአካል የምትበልጠዋ ደግሞ ፈጽማ ጠፍታለች ተባለ። በ1962 ዓ.ም. ግን ሐሮልድ ሐንሰን የሚባል መርማሪ በሚኒሶታ ግዛት፥ በሮቸስተር ከተማ በሚገኝ ሲልቨር በሚባል ኵሬ ላይ አገኛት። በበረዶ ወራት የአገሩ ውሃ ሁሉ ሲረጋ ያ ኵሬ የማይረጋው፥ በዳሩ የቆመው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሙቅ ውሃ ስለሚያፈስበት ነበር። ጠፋች ተብሎ ያዘኑላት ወፍ የተገኘችው በሰው ሥራ ቤት ደጃፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንግሥታቱ በየግዛቱ እያሰራጩ አባዟት፤ ዛሬ የካናዳ ዝይ ወገን በሚሊዮን ይቈጠራል። የመብዛቷም ምክንያት ስውር አይደለም። የዚያ አገር ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱና በየሆስፒታሉ ዙሪያ ለጌጥ ብለው ሣር ይዘራሉ፤ ሣሩን በየሳምንቱ እያጨዱ ለጋ ያደርጉታል፤ በመካከሉ ኵሬ ይቈፍራሉ፤ አዳኝንም አውሬንም ያርቃሉ። ዝይ ከዚህ የሚበልጥ ገነት አትመኝም። በመጋቢትና በሚያዝያ በመኪና ማቆሚያው ዳር፥ በአበባው መደብ ውስጥ፥ አንዳንድ ጊዜም በቤቱ ጣራ ላይ ዕንቍላሏን ትጥላለች፤ ወንዱም በሩ ላይ ይቆማል። ጸሐፊውና ሐኪሙ ወደ ሥራቸው የሚገቡት በጃንጥላ እየተከላከሉ ነው።

ሕጉ ያለ ፈቃድ መግደልንና ጎጆ ማፍረስን ስለሚከለክል ልዩ ልዩ ዘዴ ፈለጉ። አንዳንዱ በጎጆው ዙሪያ አጥር አጥሮ ሠራተኛው በሌላ በር እንዲገባ ያደርጋል፤ ይህ አንድ ወር ያህል መታገሥን ብቻ የሚጠይቅ መልካም ዘዴ ነው። አንዳንዱ ለበግ ጥበቃ የሠለጠነ ውሻ ተከራይቶ፥ ጎጆ ሳይሠሩ አስቀድሞ ያስበረግጋቸዋል። ሌላው ዘዴ ግን ይገርማል። ዕንቍላሉን ቢወስዱባት ሌላ ትጥላለች፤ ስለዚህ አይወስዱትም፥ በበቆሎ ዘይት ይቀቡታል። በቅርፊቱ አየር መግባቱ ይቀራል፥ ጽንሱም ይሞታል፤ እርስዋም የሞተውን ሕያው መስሏት እስክትሰለች ድረስ ትታቀፈዋለች። ይህን ዘዴ የሚደግፉት ለእንስሳት የሚራሩ ማኅበሮች ጭምር ናቸው፤ ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ ከመግደል ይሻላል ይላሉ። ክርክራቸው እውነት አለው። ቢሆንም አንዲት እናት ባዶ ተስፋ ታቅፋ ስትቀመጥ ዐይቶ ወደ ቢሮው የሚገባ ሰው ቍርሱ በደስታ የሚወርድለት አይመስለንም።

ነገሩ የቀልድ ብቻ እንዳይመስል ደግሞ ይህን እንጨምር። በፈረንጆች አቆጣጠር በጥር 2009 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ የተነሣ አውሮፕላን የካናዳ ዝይ መንጋ ገጥሞት ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ፤ አብራሪው በሐድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈውና በውስጡ የነበሩት 155 ሰዎች ሁሉ ዳኑ። ከዚያ በኋላ በዚያች ከተማ ዙሪያ ብዙ ዝዮች ተሰብስበው ተገደሉ።

እንግዲህ የአሜሪካው ችግር ከምን የመጣ ነው? እኛ እንደምንፈርደው የሥራው ስፍራ ዓመቱን ሙሉ፥ ከዓመት እስከ ዓመትም ክፍት ስለ ሆነ ነው። በሩ የሚዘጋበት ወራት ስለሌለ ሰውና ዝይ በየጎጆው፥ በየዕንቍላሉ ሊከራከሩ ግድ ሆነባቸው። የመንዝ አባቶች የሠሩት ሕግ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ይዞት ነበር።

መንዝ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለ ደጋ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በጌራ ምድር በኩል፥ ምድሩ ወደ ምሥራቅ ወደ ቈላው በገደል ከሚቈረጥበት ጫፍ ላይ፥ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ ሜዳና ጕብታ ጓሳ ይባላል። ስፋቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ካሬ ይጠጋል። ከመዘዞ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ በመካከሉ ያልፋል። ከዚያ የሚመነጨው ውሃ እኩሌታው ወደ ዓባይ፥ እኩሌታው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጅብራና አስታ ይበቅልበታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖርበታል፤ የወፉም ዓይነት ከመቶ በላይ ነው። ሰማያዊ ክንፍ ዝይም በረግረጉና በምንጮቹ ዳር ትገኛለች።

ጓሳ የስፍራውም የሣሩም ስም ነው። ሣሩ በቍጥቋጦ አምሳል ክምር ክምር ብሎ የሚበቅል፥ ረጅምና ጠንካራ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው በእርሱ ነው፤ ገመዱን የሚገምደው፥ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበትን ገሳ የሚሠራው፥ ምንጣፉንና ባርኔጣውን የሚሰፋው በእርሱ ነው። ማገዶም ከዚያው ይለቅማል፤ ድርቅ ሲመጣ ከብቱን የሚያተርፈው እዚያው ነው። ስለዚህ ጓሳ ለመንዝ ሰው ለዐይን ብቻ የተተወ ዱር አልነበረም፤ የሥራ ስፍራው ነበር። ማጭድ የያዘ ሰው በዚያ ረጅም ሣር ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ፥ የሣሩ ክምር ሥር ደግሞ የዝይ ጎጆ ይኖራል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ይህ ስፍራ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሕግ የሚጠበቅ ነበር። በአገሩ ትውፊት መሠረት መጀመሪያ የለዩት አስቦና ጌራ የሚባሉት አቅኚ አባቶች ናቸው፤ ከእነርሱ የሚወለድ ሁሉ በአጽመ ርስት የመጠቀም መብት ነበረው። አስተዳደሩ ቄሮ ይባላል። ተጠቃሚው ሕዝብ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ተከፍሎ፥ በላይ በአስቦና በጌራ ወገን አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል። አባወራው ሁሉ በተራው ወጥቶ ጓሳን ይጠብቃል፤ በተዘጋ ጊዜ ሣር ሲያጭድ ወይም ከብት ሲያሰማራ የተገኘ ሰው ብርቱ ቅጣት ያገኘዋል። ይህን ሥርዓት በዘመናችን መርምረው በሰፊው የጻፉት ዶክተር ዘላለም ተፈራ ናቸው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለኬንት ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የማዕረግ ጽሑፍ ስለዚሁ ነው።

የሕጉ ዋና ነገር መዝጋትና መክፈት ነው። ጓሳ ሲዘጋ ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ክረምት አይደለም፤ እስከ ሦስትና አምስት ዓመት በተከታታይ ይዘጋል። ሣሩ መድረሱን አባ ቄራው ሲያይ ለሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን፥ በገበያና በሌላው መሰብሰቢያ ያስነግራል። ከዚያ በበጋው ሰው ሁሉ ወጥቶ ሣሩን ያጭዳል፤ አጨዳው ሲያልቅ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲመጣ ግን ሰውም ከብትም የሚወጣበት ቀን የታወቀ ነው፤ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ሐምሌ 5 ቀን፥ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው። ቀኑን ለማወቅ መዝገብ የሚገልጥ አያስፈልግም፤ ጾም የፈታ ሁሉ ያውቀዋል፤ አላወቅሁም ብሎ የሚያመካኝም አይገኝም።

አሁን የዝይን ወራት ከዚህ ጋራ እናስተያይ። ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይልቁን የምትራባው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው፤ አንዳንዷ እስከ መስከረም ታዘገያለች። ክረምቱ ሲበረታ ጥንዶቹ ተሰብስበው መንጋ ይሆናሉ፥ ወደ ዝቅተኛውም ስፍራ ይወርዳሉ። ስለዚህ ለዝይ የጠቀማት ሐምሌ 5 ቀን ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በዚያ ቀን ሰው ሲወጣ፥ ብዙው ዕንቍላል ወይ ተፈልፍሏል ወይ ተረግጧል። በተከፈተው ዓመት የማጭድ ወራትና የዕንቍላል ወራት አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ወንዱ ዝይም ከአጫጁ ጋራ ፊት ለፊት ይገናኛል። ክንፉን ቢዘረጋም፥ ቢያፏጭም፥ ከመቶ አጫጅና ከሺህ ከብት ጋራ አይችልም።

ጎጆዋን የጠበቀላት የተዘጋው ዓመት ነው። አንድ ዓመት ተከፍቶ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ሲዘጋ፥ ለሰው አንድ በጋ፥ ለዝይ ብዙ በጋ ተሰጠ ማለት ነው። በተዘጋው ዓመት የወንዱን ድንበር የሚደፍር ማጭድ የለም፤ በተከፈተው ዓመት ደግሞ ገበሬው ቤቱን ይከድናል፥ ከብቱን ያጠግባል። በዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ዝይ ለጎጆዋ ረጅም ሣር፥ ለመብሏ ግን አጭርና ለጋ ሣር ትወዳለች። ለዘለዓለም የተዘጋ ምድር የመጀመሪያውን ይሰጣታል፤ ለዘለዓለም የተከፈተ ምድር ሁለተኛውን ብቻ ይሰጣታል። መዝጋትና መክፈት እየተፈራረቀ ሁለቱንም ሊያስገኝላት ይችል ነበር።

አባቶች ይህን ሕግ የሠሩት ለዝይ ብለው አይደለም፤ ይህን ብንል ታሪክ ማሳመር ይሆንብናል። የሠሩት ለሣር ነው፤ ሣሩንም የፈለጉት ለቤታቸውና ለከብታቸው ነው። ነገር ግን ሕጋቸው በየጎጆው እየሄደ የሚከራከር አልነበረም። ወንዱ ዝይ በየዓመቱ በራሱ ዙሪያ የሚከልለውን ጠባብ ድንበር፥ እነርሱ ሳያውቁት በምድሩ ሁሉ ላይ ለብዙ ዓመት ከለሉለት። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ዘይትና ውሻ የፈለገው ለአንድ የአበባ መደብ ነው።

ሆኖም ስለ ቄሮ ስንጽፍ የሚያምረውን ብቻ መርጠን አንተው። አጽመ ርስት ማለት የትውልድ መብት ማለት ነው፤ የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው በዚያው ደጋ ተወልዶ፥ በዚያው ብርድ እየተንቀጠቀጠ፥ ከጓሳ ሣር ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፥ እንዲህ ላለው ሰው የምሥራች ነበር። አዋጁ ከአጽመ ርስት ጋራ ቄሮንም አፈረሰው። ወሩ መጋቢት ሊገባ፥ ዝይም ጎጆዋን ልትጀምር የቀረበችበት ወራት ነበር፤ ዝይ ግን ጋዜጣ አታነብም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ይናገረዋል። መብት ያልነበረው መብት አገኘ፤ ነገር ግን የሚዘጋ ሰው ጠፋ። አባ ቄራው ተሽሮ በምትኩ ጠባቂ አልቆመም፤ የሁሉ የሆነው ምድር የማንም ያልሆነ መሰለ። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፥ ከብቱም በክረምት በበጋ ገባ፥ የገብስ እርሻውም ወደ ላይ ገፋ። ከከብትም ጋራ ውሻ ይመጣል፤ በምድር ላይ ለሚታቀፍ ወፍ ከማጭድ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው። ወንዱ ዝይ አንድን ሰው በድፍረቱ ሊያስደነግጥ ይችላል፤ በየዓመቱ፥ በየቀኑ ለሚመጣ ሁሉ ግን ድፍረቱ አይበቃም። ፍትሕን ለመስጠት መዝጊያውን ማፍረስ ግድ አልነበረም ብለን እናምናለን፤ ድርሻውን ለሁሉ አስፍቶ የመዝጊያውን ዓመት መተው ይቻል ነበር።

ይህንም ያሳየው ሕዝቡ ራሱ ነው። ቄሮ ከፈረሰ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የየቀበሌው ገበሬዎች ተመካክረው በዕድር አምሳል ኮሚቴ አቆሙ፤ ጓሳን እንደገና መዝጋትና በተራ መጠበቅ ጀመሩ። በዚህኛው ሥርዓት ድርሻው በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ነው። ከጊዜም በኋላ ስፍራው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ በመንግሥት ታውቋል። ከ1998 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚመረምሩ ሊቃውንት ድንኳን ተክለው ይሠሩበታል፤ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን የማኅበረሰቡ ቤትም ተሠርቶበታል። ለእነዚህም ጓሳ የሥራ ስፍራ ሆኖላቸዋል፤ እንደ አሜሪካው መሥሪያ ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጡ እነርሱ ናቸው። ሣር አጫጁ በዓመቱ ሲወጣ እነርሱ ይቀራሉና፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ከጎጆው ዙሪያ ፈቀቅ ማለት ከአጫጁ ይልቅ ለእነርሱ የቀረበ ግዴታ ነው። አንድ ወር ያህል መንገድን ማጠማዘዝ ዘይት ከመቀባት ይቀላል።

በጌራ ምድርና በግሼ አጥቢያዎች የምታገለግሉ ካህናት ግን ከሁላችን የተሻለ ዕድል አላችሁ። የጓሳ መከፈት የሚነገረው በደጃችሁ ነው፤ አጫጁና እረኛው በየሰንበቱ በደጃችሁ ይሰበሰባል። ጫጩት አስከትላ የምትሄድ ዝይ ያየ እረኛ ቢገኝ፥ ቀኑንና ወሩን፥ ስፍራውንና የጫጩቱን ቍጥር አንድ ዲያቆን በደብተር ጥግ ቢያሰፍረው ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። በተዘጋው ዓመት የታየው ከተከፈተው ዓመት ጋራ ሲተያይ፥ እኛ በዚህ ላይ በግምት የጻፍነው እውነት መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። እስከዚያው ድረስ ስለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጎጆ በአውሮፓ አጥር ውስጥ ሆኖ የተጻፈው፥ በመንዝ ሣር ውስጥ ሆኖ ከተጻፈው ይበልጣል።